ኦርኪድን ከቫዞ አውጥቶ እንጨት ላይ ማሳደግ፦ ደረጃ በደረጃ

«የኦርኪዴ ሥሮች ከቫዞው ወጥተው አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ልቁረጣቸው ወይስ አፈር ላልብሳቸው?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። መልሱ አጭር ነው። አትቁረጡ፣ አፈርም አታልብሱ። ሥሮቹ የወጡት ተክሏ ስለታመመች አይደለም። ኦርኪዷ የዛፍ ላይ ነዋሪ ናት፤ ሥሯ አየር ይፈልጋል።

ይህን ስመልስ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል። «ታዲያ እንደ ተፈጥሮዋ እንጨት ላይ ላሳድጋት እችላለሁ?» አዎ፣ ይቻላል። ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ግን ቅደም ተከተል አለው፤ አንዱን ዘልሎ ማለፍ ተክሏን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

እዚህ የምጽፈው ስለ ፋላኖፕሲስ አማቢሊስ ነው። ሰፋፊ ነጭ አበባ የምታወጣዋ ናት። በየአበባ መሸጫው የምታዩዋቸው ትልልቅ ነጭ ፋላኖፕሲሶች አብዛኞቹ የእሷ ዘር ያለባቸው ዲቃላዎች ናቸው። ስለዚህ አሠራሩ ለእነሱም ይሠራል።

መጀመሪያ የትውልድ ቦታዋን እንወቅ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ከታች ያለው የእያንዳንዱ ደረጃ ምክንያት እዚህ ነው ያለው።

ፋላኖፕሲስ አማቢሊስ በኢንዶኔዥያ፣ በቦርኒዮ፣ በፊሊፒንስ የፓላዋን ደሴትና በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ድረስ ባሉ ዝናባማ ደኖች ውስጥ ትገኛለች። ቦታው ቆላማ ነው፤ ሞቃትና ወበቃማ። እሷ ግን መሬት ላይ አትበቅልም። የዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ ሥሮቿን ለጥፋ ትንጠለጠላለች። ዛፉን አትጠባውም፤ ጥገኛ ተክል አይደለችም። ዛፉ መቆሚያዋ ብቻ ነው። ውሃዋን ከዝናብና ከእርጥብ አየር ታገኛለች። ምግቧን ደግሞ በግንዱ ላይ ከሚወርደው ውሃ፣ ከረገፈ ቅጠልና ከአቧራ ትለቃቅማለች።

ከበላይዋ ትልልቅ ዛፎች ስላሉ ፀሐይ በቀጥታ አያገኛትም። ቅጠሎቿ ከግንዱ ወደ ጎንና ወደ ታች ያዘነበሉ ናቸው። ዝናቡ ቅጠሎቹ መሃል ሳይጠራቀም ተንሸራትቶ ይወርዳል። ነፋሱም ከሰዓታት በኋላ ሥሯን ያደርቀዋል። ማለትም በብዛት ትጠጣለች፣ ከዚያ ቶሎ ትደርቃለች፣ እንደገና ትጠጣለች።

አሁን ሥሮቿን ቀረብ ብላችሁ እዩዋቸው። ሲደርቁ ብርማ ነጭ ናቸው። ውሃ ሲነካቸው ወዲያው አረንጓዴ ይሆናሉ። ነጩ ሽፋን ቬላመን ይባላል። ከሞቱና ባዶ ከሆኑ ሴሎች የተሠራ ነው። እንደ ስፖንጅ ውሃውን መጦ ይይዝና ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ከሽፋኑ ሥር ያለው አረንጓዴ ክፍል ደግሞ ብርሃን ካገኘ ልክ ቅጠሉ እንደሚያደርገው ምግብ ይሠራል። ባዶዎቹ ሴሎች ቀን ከሌት በውሃ ተሞልተው ከቆዩ ግን አየር አይገባም። ሥሩ ታፍኖ ይሞትና ይበሰብሳል። አፈር ውስጥ የሚገጥማት ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ኦርኪዶች ከቅጠላቸው ግርጌ ውሃ የሚያከማቹበት ያበጠ ግንድ አላቸው። ፋላኖፕሲስ የላትም። ያላት ክምችት ወፍራም ቅጠሎቿና ሥሮቿ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ሥሯ እየደረቀ መሄድ አለበት ስንል ለቀናት በጥም ትቆይ ማለት አይደለም።

መቼ ይጀመር?

አበባዋ ረግፎ አዲስ ሥር ማውጣት ስትጀምር። አዲስ ሥር ከታችኞቹ ቅጠሎች ግርጌ ብቅ ይላል። ጫፉ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ሆኖ ያብረቀርቃል። ይህን ጊዜ የምንመርጠው አሮጌ ሥር እንጨት ላይ ስለማይጣበቅ ነው። የሚጣበቀው በማደግ ላይ ያለው ጫፍ ብቻ ነው። አዲስ ሥር በሌለበት ጊዜ ብታስሯት ለወራት በክር ብቻ ተይዛ ትቆያለች፤ በዚያ መሃል ትደክማለች።

አዲስ ሥርና አዲስ የአበባ ዘንግ ሲጀምሩ ይመሳሰላሉ። የሥር ጫፍ ድቡልቡልና ልሙጥ ነው። የዘንግ ጫፍ ጠፍጠፍ ብሎ ሾል ያለ ነው። ትንሽ ሲያድግ አንጓ ይታይበታል፣ ወደ ብርሃንም ያቀናል። ያያችሁት ዘንግ ከሆነ አበባው አብቦ እስኪያልቅ ጠብቁ። እምቡጥ የያዘች ተክል ሥሯ ሲነካካ እምቡጧን ትጥላለች።

እንጨት ለሁሉም ቤት አይሆንም። የቤታችሁ አየር በጣም ደረቅ ከሆነ፣ ወይም ብዙ ቀን ከቤት ርቃችሁ የምትቆዩ ከሆነ አትጀምሩት። ግልጽ ፕላስቲክ ቫዞ ውስጥ፣ በተከተፈ የዛፍ ቅርፊት ብታሳድጓት ይሻላታል። እንጨት ላይ ያለች ኦርኪድ በየቀኑ ማለት ይቻላል ውሃ ትፈልጋለች። የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በላይ ሲሆን ሥራው ይቀላል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ግን ከባድ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ርዝመቱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ እንጨት። ከሁሉም የሚሻለው የቡሽ ዛፍ ቅርፊት ነው፤ ሻካራ ነው፣ ቶሎ አይበሰብስም። ካልተገኘ ቅርፊቱ ሻካራ የሆነ ደረቅ ጠንካራ እንጨት ይሆናል።
- ስፋግነም ሞስ፣ አንድ እፍኝ። ረግረግ ላይ የሚበቅል፣ ውሃ መጥጦ የሚይዝ ለስላሳ ተክል ነው። ደርቆ ታሽጎ ይሸጣል።
- ማሰሪያ፦ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ወይም በቀጭኑ የተቆረጠ አሮጌ ስቶኪንግ።
- ስለታም መቀስ ወይም አዲስ ምላጭ።
- መቀሱን የሚያነዱበት እሳት።
- ለመስቀያ የሚሆን የማይዝግ የብረት ሽቦ፣ ወይም በፕላስቲክ የተሸፈነ ሽቦ።
- መሰርሰሪያ።
- ባልዲ፣ ውሃ መርጫ ጠርሙስና ጓንት።

እንጨት ስትመርጡ የሚከተሉትን ተዉ። ቀለም፣ ቫርኒሽ ወይም የምስጥ መድኃኒት የነካው እንጨት አይሆንም። ኬሚካሉ በየቀኑ ውሃ ስናጠጣ እየሟሟ ወደ ሥሩ ይሄዳል። ከባሕር ዳርቻ የተለቀመ እንጨት ጨው ስላለበት አይሆንም። እንደ ጥድ ሙጫ የሚያወጣ እንጨትም ሆነ ገና ያልደረቀ እንጨት ተዉት። በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ፣ መበስበስ የጀመረ እንጨት ደግሞ ሥሩ ገና እንደያዘው ይፈርሳል።

ሽቦው መዳብ እንዳይሆን። ኦርኪዶች መዳብ ይጎዳቸዋል፤ ሽቦው በረጠበ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየለቀቀ ሥሩን ይገድላል።

አሠራሩ

1. እንጨቱን ከአንድ ቀን በፊት አዘጋጁ። በብሩሽ በደንብ ፈትጉት። ከዚያ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ ውሃውን ሁለት ሦስት ጊዜ ለውጡ። አቧራውና የሚሟሟው ነገር ይወጣለታል፣ እንጨቱም ራሱ ውሃ ይጠግባል። ደረቅ እንጨት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሞሱ ላይ ውሃውን ይነጥቃል። ሲወጣ ከላይኛው ጫፉ ሁለት ቀዳዳ ብሱና መስቀያውን ሽቦ አስገቡ። ይህን አሁን ጨርሱ፤ ተክሏ ከታሰረች በኋላ መሰርሰር ሥሯን ያነቃንቀዋል።

2. ሞሱን ንከሩ። ጓንት አድርጉ፣ ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ አቆዩት፣ ከዚያ በእጃችሁ ጨምቁት። ሲነካ እርጥብ መሆን አለበት፤ መንጠባጠብ ግን የለበትም።

3. ተክሏን ከነቫዞዋ ውሃ አጠጡ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባልዲ ውስጥ አስቀምጧት። ደረቅ ሥር ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ውሃ የጠገበ ሥር ግን ይለመጣል፣ እንደፈለጋችሁ ይተኛላችኋል።

4. መቀሱን በእሳት አንጹ። ስለቱን እሳት ላይ አንድዱት፣ ከዚያ እስኪበርድ ጠብቁ። ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም። ኦርኪዶችን የሚያጠቁ ቫይረሶች ከተክል ወደ ተክል በብዛት የሚተላለፉት በመቁረጫ ነው። ቫይረስ የገባባት ኦርኪድ መድኃኒት የላትም። አልኮል ለባክቴሪያና ለፈንገስ ይረዳል፣ ለቫይረስ ግን አትመኑት። ብዙ ተክል ካላችሁ ለእያንዳንዷ አዲስ ምላጭ መጠቀም ይቀላል። ምላጭ ወይም እሳት ምረጡ፤ በአልኮል የረጠበ መቀስ ወደ እሳት አታስጠጉ።

5. ከቫዞው አውጧት። ቫዞው ፕላስቲክ ከሆነ ጎኑን ጫን ጫን አድርጉት፤ ሥሩ ይለቅቃል። በግድ አትጎትቱ። እምቢ ካለ ቫዞውን ቁረጡት፤ ቫዞ ይተካል። ከዚያ በሥሮቹ መሃል ያለውን አሮጌ ቅርፊትና ሞስ በጣታችሁ ልቀሙ፣ የቀረውን ለብ ባለ ውሃ እጠቡት። ሥሩ ላይ የሙጥኝ ያለ የቅርፊት ቁራጭ ካለ ተዉት። እሱን ለማላቀቅ ስትታገሉ ቬላመኑ ይላጣል።

6. የሞተውን ከጤነኛው ለዩ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ሥርን በቀለሙ አትፍረዱበት። ብርሃን ሳያገኝ ቫዞ ውስጥ የቆየ ጤነኛ ሥር ቢጫ ወይም ቡናማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን በሁለት ጣታችሁ ጫን አድርጉት። ጠንከር ካለ ሕይወት አለው። ከሟሸሸና ውሃ ከተፋ፣ ወይም ውስጡ ባዶ ሆኖ ከተጨፈለቀ ሞቷል። ከተጠራጠራችሁ ጫፉን ቀስ ብላችሁ ሳቡት። የሞተ ሥር ሽፋኑ ይወልቅና መሃሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። የሞተውን ጤነኛው ክፍል እስከሚጀምርበት ድረስ ቁረጡ። ጤነኛውን ለማሳጠርም ሆነ ለማሳመር ብላችሁ አትንኩት።

የደረቀ አሮጌ የአበባ ዘንግ ካለ እሱንም ከግርጌው ቁረጡ። አረንጓዴ ከሆነ ግን በእናንተ ፈቃድ ነው። ሥሯ ጥቂት ከሆነ ቁረጡት እላለሁ፤ ጉልበቷን ሥር ላይ እንድታውለው።

7. ቁስሉ ይድረቅ። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ለጥቂት ሰዓታት አቆዩዋት። እርጥብ ቁስል ለፈንገስና ለባክቴሪያ ክፍት በር ነው። የተቆረጠ ሥር ላይ የቀረፋ ዱቄት አትነስንሱ። ቀረፋ የነካውን ያደርቃል። ቅጠል ላይ ላለ ቁስል ይጠቅም ይሆናል፤ ሥር ላይ ግን ጤነኛውንም አብሮ ያደርቀዋል።

8. አቀማመጧን አስተካክሉ። እንጨቱን አቁሙት። በቀጭኑ ሞስ አንጥፉ፤ ከጣት ውፍረት አይብለጥ። ኦርኪዷን ሞሱ ላይ ስታስቀምጡ የቅጠሎቹ እምብርት፣ ማለትም አዲስ ቅጠል የሚወጣበት መሃል፣ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ያዘንብል። ወደ ሰማይ ፊቷን አቅንታ መቀመጥ የለባትም። ደን ውስጥም የምትንጠለጠለው እንዲሁ ነው። እምብርቱ ወደ ላይ ከሆነ ውሃ እዚያ ያድራል፣ እምብርቱ ይበሰብሳል። ፋላኖፕሲስ ደግሞ የምታድገው ከአንድ ጫፍ ነው። ያ ጫፍ ከሞተ በእሱ ላይ አዲስ ቅጠል አይወጣም።

ሥሮቹን እንደ ተፈጥሮ አካሄዳቸው በእንጨቱ ላይ ዘርጉ። የማይታጠፍ ካለ አየር ላይ ይንጠልጠል፣ አያስጨንቃችሁ። ሞሱ ከሥሩ በታችና በጎን ይሁን። ግርጌዋንና ቅጠሎቿን አይሸፍን።

9. እሰሯት። ክሩን በወፍራም ሥሮቹና በተክሏ ግርጌ ላይ አዙሩ። ቅጠል ላይ አታሳልፉ፣ አረንጓዴውን የሥር ጫፍም ክር አይንካው። ናይለን ክር ከሆነ በጣም አትሳቡት፤ ሥር ውስጥ ገብቶ ይቆርጣል። ስቶኪንግ ስለሚለጠጥ ለጀማሪ ይሻላል። አስራችሁ ስትጨርሱ እንጨቱን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት። ተክሏ ለብቻዋ ከተነቃነቀች ማሰሩ አልበቃም። የምትወዛወዝ ከሆነ አዲሱ የሥር ጫፍ እንጨቱን እየታከከ ይጎዳል። የተጎዳ ጫፍ ማደጉን ያቆማል፣ ሳይጣበቅም ይቀራል።

10. ስቀሏት። ብሩህ ጥላ ፈልጉ። መስኮት አጠገብ ከሆነ በስስ መጋረጃ የተጣራ ብርሃን ይሁን። በመሣሪያ ለሚለኩ ከ10,000 እስከ 15,000 ሉክስ ይበቃታል። መሣሪያ ከሌላችሁ እጃችሁን ከቅጠሏ በላይ በ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ዘርጉ። ጥላው ጠርዙ ደብዘዝ ብሎ የሚታይ ከሆነ ልክ ነው። ጥርት ያለና ጥቁር ከሆነ ብርሃኑ በዝቷል። ጥላው ጭራሽ ካልታየ አንሷል። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሏን ዳስሱት፤ ትኩስ ከሆነ ቶሎ ከዚያ አንሷት። የፋላኖፕሲስ ቅጠል በፀሐይ ሲቃጠል ጠባሳው አይጠፋም።

አየር የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይሁን። የማሞቂያ ወይም የማቀዝቀዣ ማሽን በቀጥታ የሚነፍስባት ቦታ ግን አይሆንም። ቀን ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማታል። ሌሊት ከ16 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ።

ከዚያ በኋላስ? ውሃ አጠጣጥ

በመጀመሪያው ቀን ውሃ አትስጧት፤ የተቆረጠው ሥር ይድረቅ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሩ።

ጠዋት አጠጡ። እንጨቱን ከነሥሩ ለ10 ደቂቃ ባልዲ ውስጥ መንከር ይቻላል፤ እምብርቱ ግን ከውሃው በላይ ይቆይ። ካልሆነ በመርጫ ጠርሙስ ሥሩን በሙሉ አርጥቡት። ሥሩ እርጥብ ስለመሰለ አታቁሙ። አንዴ ስትረጩት ላዩ ብቻ ይረጥባል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ድገሙት። ሥሩ ዙሪያውን አረንጓዴ ሲሆን ጠግቧል።

ጠዋት የሆነበት ምክንያት ሌሊት ከመግባቱ በፊት ቅጠሎቿ መሃል ያለው ውሃ እንዲደርቅ ነው። ካልደረቀ በለስላሳ ወረቀት ምጠጡት። ማታ ስታዩት ሥሩ ወደ ብርማ ነጭ ተመልሶ ከሆነ አጠጣጣችሁ ትክክል ነው። ከሰዓት ሳይደርስ ነጭ ከሆነ፣ በሙቀት ጊዜ በቀን ሁለቴ ስጧት። በማግስቱም አረንጓዴ ሆኖ ከቆየ አንድ ቀን ዝለሉ፤ ሞሱም በዝቶ ሊሆን ስለሚችል ቀንሱት።

የዝናብ ውሃ ይመረጣል። ብዙ ጨው ያለው ውሃ ቬላመኑ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ የሥሩንም ጫፍ ያቃጥላል። ውሃ ማፍላት ጨውን አያስወጣውም፤ ውሃው ሲተን የቀረው ላይ ጨው ይበዛበታል። በማሽን «እንዲለሰልስ» የተደረገ ውሃም ሶዲየም ስላለበት አይሆንም።

በአንድ ባልዲ ውሃ ብዙ ተክል እያከታተላችሁ አትንከሩ። የአንዷ በሽታ ለሌሎቹ ይተርፋል።

ማዳበሪያ

አዲስ ሥር አውጥታ እንጨቱን መያዝ እስክትጀምር ማዳበሪያ አትስጡ። ከዚያ በኋላ በውሃ የሚሟሟ ማዳበሪያ፣ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን፣ በሳምንት አንዴ ይበቃታል። ሁልጊዜ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ አርጥቧት፣ ከዚያ ማዳበሪያውን ስጡ። ደረቅ ቬላመን የመጀመሪያውን ውሃ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጠው። ያ ውሃ ማዳበሪያ ከሆነ ጨዉ ሥሩን ያቃጥለዋል። በወር አንዴ ደግሞ ሙሉ ሳምንት ንጹሕ ውሃ ብቻ አጠጡ፣ የተጠራቀመው ይታጠብ።

ቅጠሏ ሲጨማደድ

ቅጠል ሲጨማደድና ሲልፈሰፈስ ሰው ሁሉ ውሃ ይጨምራል። ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ግን አንድ ዓይነት ምልክት ያሳያሉ። ውሃ አንሶባት ሊሆን ይችላል። ወይም ውሃ በዝቶባት ሥሯ በስብሶ፣ ውሃው እያለ መጠጣት አቅቷት ይሆናል። የሚለየው ሥሩ ብቻ ነው። ሥሮቹ ጠንካሮች፣ ቀኑን ሙሉ ነጭ ከሆኑ ውሃ ጨምሩ። ሥሮቹ ሟሽሸው ቡናማ ከሆኑ ፍቷት፣ ሞሱን ቀንሱ፣ የበሰበሰውን ቁረጡ፣ ከደረጃ 6 ጀምራችሁ ድገሙ። ከታች ያለችው አሮጌ ቅጠል ብቻዋን ቢጫ ሆና ብትረግፍ ግን ዕድሜዋን ጨርሳ ነው። በግድ አትቅደዷት፤ ራሷ ትለቃለች።

የተለመዱ ስሕተቶች

- ሞስ ማብዛት። «እንዳይደርቅባት» ተብሎ ሥሩ በወፍራም ሞስ ይጠቀለላል። ያኔ እንጨት ላይ ያለች ትመስላለች እንጂ ኑሮዋ እንደ ረግረግ ነው።
- በየሳምንቱ እየፈቱ ማየት። ሥሩ እንጨቱን እንደያዘ ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም፤ ጫፉ እንጨቱ ላይ ተለጥፎ ካደገ ይታያል።
- እምቡጥ የያዘችን ኦርኪድ ከበሰለ ፍራፍሬ አጠገብ መስቀል። የሚበስል ፍሬ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ እምቡጡ ሳይፈካ ይረግፋል።
- ሁልጊዜ ሙቀት ውስጥ ማቆየት። ቅጠሏ ያማረ፣ አበባ ግን የማታወጣ ኦርኪድ ብዙ ጊዜ ችግሯ ይህ ነው። ከ28 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ዘንግ አታወጣም። ለጥቂት ሳምንታት ከ25 ዲግሪ በታች ስትቆይ ነው ዘንግ የምትጀምረው። በቂ ብርሃን ከሌለ ግን ቅዝቃዜው ብቻውን አይሠራም።
- ከሥሩ ነጩን ሽፋን «ሻጋታ ነው» ብሎ መፋቅ። ቬላመኑ ነው፤ ተዉት።

ማስጠንቀቂያ

ከደን የተነቀለ ኦርኪድ አትግዙ፣ እናንተም አትንቀሉ። ፋላኖፕሲስ አማቢሊስ እንደ ሌሎቹ ኦርኪዶች ሁሉ በዓለም አቀፉ የዱር ዝርያዎች ንግድ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ቁጥጥር ሥር ናት። ያለ ፈቃድ ከአገር አገር ማዘዋወር አይቻልም። ከዱር የተነቀለችው ሥሯን ዛፉ ላይ ጥላ ስለምትመጣ አብዛኛውን ጊዜ አትተርፍም። በችግኝ ጣቢያ የተባዛችው ጤነኛም ናት፣ ቤትም ለምዳለች።

ሞስ ስትነኩ ጓንት አድርጉ ያልኩት በምክንያት ነው። ስፋግነም ላይ ስፖሮትሪኮሲስ የሚባል የቆዳ ሕመም የሚያመጣ ፈንገስ ሊኖር ይችላል፤ የሚገባውም በጭረትና በቁስል ነው። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ሥራውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ደረቁን ሞስ ከመበተናችሁ በፊት አርጥቡት፣ ብናኙን እንዳትስቡት።

ሥሩ ከያዘ በኋላ

አዲሶቹ ሥሮች እንጨቱ ላይ ተለጥፈው ሲያድጉ፣ ስትነቀንቋትም ካልተንቀሳቀሰች፣ ክሩን መቁረጥ ይቻላል። ብዙውን ጊዜ ወራት ይወስዳል፣ አትቸኩሉ። ክሩን ስትቆርጡ ከሥር የገባውን አትጎትቱ፤ ላዩን ቆርጣችሁ የቀረውን እዚያው ተዉት።

የአበባ ዘንግ ስታወጣ በዱላ ደግፋችሁ አታቁሙት። ቫዞ ውስጥ ያለችውን የምንደግፋት በአበባው ክብደት እንዳትወድቅ ነው። እንጨት ላይ ያለችው ዘንጓ ወደ ውጭ ወጥቶ በራሱ ወደ ታች ይጎብጣል። እምቡጡ መታየት ከጀመረ በኋላ ግን እንጨቱን አታዙሩት። አበቦቹ ወደ ብርሃኑ ነው የሚዞሩት፤ አቅጣጫውን ከለዋወጣችሁባቸው ተጣመው ይፈካሉ።

ከዓመታት በኋላ እንጨቱ መበስበስ ቢጀምር ሥሩን ለማላቀቅ አትሞክሩ፤ ቬላመኑ እንጨቱ ላይ ተላጦ ይቀራል። አሮጌውን እንጨት ከነተክሏ ትልቅ አዲስ እንጨት ላይ እሰሩት። አዲሶቹ ሥሮች ራሳቸው ተሻግረው አዲሱን ይይዙታል።